ከቶሊዶ በር እስከ ሐዋሳ ፓርክ

ኦሃዮ እየኖሩ ስለ መኪና ፋብሪካ ሳይሰሙ መዋል ይከብዳል። እኔ ካለሁበት ኮሎምበስ ወጣ ብሎ ሜሪስቪል የሆንዳ ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ መኪና ያመርታል። ሠራተኞቹ ማኅበር የላቸውም። ወደ ሰሜን ሲነዱ ደግሞ ቶሊዶ ይገኛል። እዚያ ጂፕ የሚሠሩት የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር፣ የዩኤደብልዩ አባላት ናቸው።

መስከረም 2023 ላይ ዩኤደብልዩ በጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም)፣ በፎርድና የጂፕ አምራች በሆነው በስቴላንቲስ ላይ በአንድ ጊዜ አድማ መታ። ሦስቱን አንድ ላይ ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀድመው ሥራ ካቆሙት ሦስት ፋብሪካዎች አንዱ የቶሊዶው ነው። ያኔ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። በሩ ላይ ሌት ተቀን በፈረቃ ይቆማሉ። ቀይ ቲሸርት ለብሰዋል። በርሜል ውስጥ እንጨት ይነዳል። የሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ ጥሩንባ ይነፋላቸዋል። ደመወዝ የለም፤ ከማኅበሩ የአድማ ፈንድ በሳምንት 500 ዶላር ይሰጣቸዋል። አንዲት የቆየች ሠራተኛ ከሁሉ የሚያንገበግባትን ነገረችኝ። አጠገቧ ያው ሥራ የሚሠራው ጊዜያዊ ሠራተኛ የሷን ግማሽ ያህል ነው የሚከፈለው።

ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የጃፓንና የኮሪያ መኪኖች ገበያውን ወሰዱ። የጡረተኞች የሕክምና ወጪም ኩባንያዎቹን አጎበጣቸው። በ2007 ማኅበሩ አዲስ ተቀጣሪ በግማሽ ደመወዝ ገደማ እንዲገባ ተስማማ። በ2009 ጂኤምና ክራይስለር (ዛሬ የስቴላንቲስ አካል የሆነው) ሲከስሩ ደግሞ የኑሮ ውድነት ማካካሻውን ለቀቀ። ኩባንያዎቹ አገግመው ትርፍ በትርፍ ሆኑ። የተለቀቀው ግን አልተመለሰም። የ2023ቱ ቁጣ ከዚህ የመነጨ ነው፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

ስድስት ሳምንት ገደማ ታግለው እስከ ሚያዝያ 2028 የሚደርስ የ25 በመቶ ጭማሪ አገኙ። ማካካሻው ተመለሰ። ጣሪያው ደመወዝ ላይ ለመድረስ ይፈጅ የነበረው 8 ዓመት ወደ 3 ወረደ። ወዲያው ሆንዳም ለሠራተኞቹ 11 በመቶ ጨመረ። ማኅበር የሌለው የሜሪስቪል ሠራተኛ ሌሎች በከፈሉት ዋጋ ተጠቀመ ማለት ነው።

ማኅበር ሁሉን ነገር ያድናል አልልም። በ2024 መጨረሻ ስቴላንቲስ ቶሊዶ ላይ እስከ 1,100 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አድማ መኪና አይሸጥም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የወጡት በስምምነት የተጻፈ ተጨማሪ የሥራ አጥነት ክፍያ ይዘው ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠሚያዎች እየተከፈቱ ነው። ደስ ይለኛል። የሚወራው ግን ስለ ዶላር፣ ስለ ቀረጥና ስለ ቻርጀር ብቻ ነው። ብሎኑን የሚያጠብቀውን ልጅ የሚያነሳው የለም።

በሐዋሳ ያየነውን መርሳት የለብንም። የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የሞሉበት የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ሲመረቅ ለውጭ ባለሀብት የተነገረው ጉልበታችን ርካሽ ነው የሚል ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2019 መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳየ። የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን ሊተርፍ? ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከ2022 መጀመሪያ አጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል፣ ተዘጋ። ገዢዎች ወጡ፣ ብዙ ልጆች ሥራ ፈቱ። ርካሽ መሆናቸው ከመባረር አላዳናቸውም፤ ሲወጡም በእጃቸው የረባ ነገር አልነበረም።

እዚህ ያለን ወገኖች ይህን ስናነሳ “ማኅበር ኢንቨስተር ያባርራል” የሚል አይጠፋም። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ያለው የቮልስዋገን ቻተኑጋ ፋብሪካ ሠራተኞች በ2024 በ2,628 ድምፅ ለ985 ማኅበር መርጠዋል። ጀርመን ያለው እናት ኩባንያ ተቆጣጣሪ ቦርድ ላይማ ግማሹ ወንበር የሠራተኛ ነው። ኩባንያ የሚሸሸው ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው። የተፈረመ ስምምነት ደግሞ ነገን ያሳውቀዋል።

ሕጉ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሠራተኞቹ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚኖርም ይናገራል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ለዓመታት የወተወተው ይህንኑ ነው። ገንዘባችንን አዋጥተን መገጣጠሚያ ልንከፍት የምናስብ የዳያስፖራ ሰዎች፣ የቦርዱን ውሳኔ ሳንጠብቅ ከመጀመሪያው ዓመት የኅብረት ስምምነት እንፈራረም። ሠራተኛው ሃምሳ ሳለ መደራደር፣ አምስት ሺህ ሆኖ ከመረረው በኋላ ከመደራደር በብዙ ይቀላል።