የካርላይል ልጆች ፎቶግራፎች ለሁሉም ይከፈቱ?

ካርላይል በፔንስልቬንያ ከ1879 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች (ያኔ «ኢንዲያን» ይባሉ የነበሩት) ልጆች የገቡበት የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ፀጉራቸውን ሸልቷል፣ ስማቸውን ቀይሯል፣ ቋንቋቸውን ከልክሏል። ዛሬ ዲኪንሰን ኮሌጅ መዝገቡንና ፎቶግራፎቹን በኢንተርኔት ለሁሉም ከፍቷል። ሠዓሊን ጨምሮ ማንም እንዲያያቸውና እንዲጠቀምባቸው ክፍት መሆናቸው ተገቢ ነው ወይ በሚለው ሁለት ጸሐፍት ይከራከራሉ።

ደጋፊ፦ ይከፈቱ! ቶም ቶርሊኖ የተባለውን የናቫሆ ወጣት ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። በ1882 ሲገባ ፀጉሩ ረጅም ነው፤ ጆሮው ላይ ሎቲ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፀጉሩ ተከርክሞ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ፊቱ እንኳ ነጣ ብሎ ይታያል። ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያሉትን ምስሎች የሥራው ማስረጃ አድርጎ በኩራት ያሰራጫቸው ነበር። መሥራቹ ሪቻርድ ፕራት በ1892 «ኢንዲያኑን ግደሉ፤ ሰውየውን አድኑ» የሚለውን ሐሳብ በአደባባይ መስበኩን ለሚጠራጠር ከዚህ የበለጠ ምን ማሳያ አለ? ጥፋተኛው ያስነሳውን ምስል ሠዓሊ በጥፋተኛው ላይ ሲያስመሰክርበት እደግፋለሁ።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ልጁን ማን ጠየቀው? ያኔ ፎቶ አንሺው አልጠየቀውም፤ ዛሬም በኮምፒውተር ፊቱን የሚያንቀሳቅሰው፣ ያልተናገረውን የሚያናግረው ሰው አይጠይቀውም። ሌሎች የፈለጉትን እንዲመስል ሁለተኛ ጊዜ ተገደደ ማለት ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ከእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች የተረፉ ሰዎች ለካሳ ሲሉ በምስጢር የሰጡት ቃል ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ ከ15 ዓመት በኋላ እንዲጠፋ ወስኗል። በአውስትራሊያም ሙኩርቱ የተባለው የዲጂታል መዝገብ ከነባሩ የዋሩሙንጉ ሕዝብ ጋር ሲሠራ፣ የትኛውን ምስል ማን ይመልከት የሚለውን የወሰነው የሕዝቡ ሥርዓት ነው።

ደጋፊ፦ ፊት ማንቀሳቀሱን እኔም አልደግፍም፤ በዚህ ልክ ነዎት እህቴ። የካናዳው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የተጠበቀው ተጎጂው አምኖ የሰጠው ቃል ነው። የካርላይል ወረቀት መንግሥት ስለ ራሱ ሥራ የጻፈው ነው። ቢዘጋ የሚጠቀመው ማን ነው? በትምህርት ቤቱ መቃብር አንዳንዱ ድንጋይ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። የአሜሪካ ጦር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፅሞችን ለቤተሰቦቻቸው እየመለሰ ነው፤ ልጁን የሚፈልግ ዘመድ መዝገቡን ለማየት ዋናው ወረቀት ወዳለበት ወደ ዋሽንግተን ድረስ መሄድ አለበት?

ተቃዋሚ፦ ዘመድ ይመልከት፤ ማን ከለከለ? ትምህርት ቤቱ ያሰራጫቸው ፎቶግራፎችም ክፍት ይሁኑ። የልጁ ሕመምና ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ ግን ቤተሰቡ እስኪፈቅድ ይዘጋ። ቤተሰብ ያልተረፈለት እንደሆነ የሕዝቡ ምክር ቤት ይጠየቅ፤ ሠዓሊውም ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት እዚያ ይሂድ።