የዮሩባ ሰው በኦሪሻው ፊት ሲጨፍር እየጸለየ ነው

ከደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የሚወጡ የዮሩባ በዓላት ቪዲዮዎች እኛም ስልክ ላይ ይደርሳሉ። ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ከበሮ፣ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ። አንዳንዱ አይቶ «እንዴት ያለ ምርጥ ጭፈራ ነው!» ይላል። ሌላው «ሰይጣን ሰፍሮባቸዋል» ብሎ ያማትባል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። እዚያ ቦታ ላይ የሚደረገው ጸሎት ነውና።

ዮሩባዎች ከሁሉ በላይ ያለውን ፈጣሪ ኦሎዱማሬ ይሉታል። በእሱና በሰው መካከል ኦሪሻ የሚባሉ ብዙ አማልክት አሉ። ኦሪሻ የሚጠራው በመሥዋዕትና በቃል ብቻ አይደለም። በከበሮና በእንቅስቃሴም ይጠራል። የዮሩባ ቋንቋ ከፍ፣ መካከለኛና ዝቅ ያለ ቃና አለው፤ ቃናው ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣል። ዱንዱን የሚባለው ከበሮ ገመዱ በክንድ ሲጨመቅ ድምፁ ከፍና ዝቅ ስለሚል የንግግሩን ቃና ይከተላል። ስለዚህ መቺው ኦሪኪውን፣ ማለትም የኦሪሻውን ውዳሴ፣ በከበሮው ይናገራል። ቋንቋውን የሚያውቅ ይሰማዋል። የሚጨፍረው ሰው ደግሞ በእግሩና በትከሻው ይመልሳል።

እንቅስቃሴውም እንደፈለጉ የሚወዛወዙበት አይደለም። የነጎድጓድና የመብረቅ ጌታ የሆነው ሻንጎ፣ በትውፊቱ የጥንቱ የዮሩባ መንግሥት የኦዮ ንጉሥ የነበረው፣ የሚከበረው በባታ ከበሮ ነው። ምቱ ፈጣንና ቁጡ ነው፤ ትከሻው በኃይል ይመታል፣ እጅ ላይ ባለ ሁለት አፍ መጥረቢያ ይያዛል። የወንዟ እመቤት ኦሹን ስትሆን ሁሉም ይለዝባል። የብረት ጌታ ለሆነው ለኦጉን ቆንጨራው ጫካ እየመነጠረ መንገድ ይከፍታል። ከሁሉ ልቤን የሚነካው እምነቱ በባርነት ዘመን በተሻገረባቸው በኩባና በብራዚል፣ የሰውን አካል ቀረጸ ለሚባለው ለኦባታላ የሚጨፈረው ነው። እንደ አረጋዊ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ወጣት ሰው በሰውነቱ እርጅናን ሲያከብር ማየት ነው።

አንዳንዴ ኦሪሻው በአማኙ ላይ ይወርዳል ይባላል። ያኔ የሚጨፍረው ሰውየው ሳይሆን ኦሪሻው ነው። ለዚህ የሚበቃው ደግሞ ሥርዓቱን ፈጽሞ የተዘጋጀ ሰው ነው።

እኛ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሊቃውንቱ ከበሮው እየተመታ፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ «ትርኢት ነው» የሚል ሰው አላየሁም። ዳዊትም በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ዘሏል። እምነቶቹ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አይደሉም። ግን ሰውነትም ይጸልያል የሚለውን ለኛ ማንም ሊያስረዳን አይገባም።

ይህ ጸሎት የተከፈለበትን ዋጋም አስቡት። በባርነት አትላንቲክን የተሻገሩት ዮሩባዎች መቅደሳቸውን ይዘው መሄድ አልቻሉም። ምቱንና እርምጃውን ግን ይዘው ሄዱ። በኩባ ሻንጎን ከቅድስት ባርባራ ሥዕል ጀርባ ደብቀው አቆዩት። በብራዚል ፖሊስ የካንዶምብሌ፣ ማለትም እዚያ የቀጠለው የኦሪሻ እምነት፣ ቤቶችን እየሰበረ ከበሮ ይወስድ ነበር። በባሂያ ግዛት ሥርዓቱን ለመፈጸም የፖሊስ ፈቃድ ማውጣት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ይሄ ሁሉ መከራ የተቻለው ለመዝናኛ ተብሎ አይደለም።

በራሳቸው አገርም ነገሩ አልቀለለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢሎሪን ከተማ ሊከበር የነበረ የኢሼሼ፣ ማለትም የነባሩ እምነት፣ በዓል የአንድ ሙስሊም ቡድን ተቃውሞ ስለገጠመው ቀረ። የኖቤል ተሸላሚው ዎሌ ሾይንካ ለከተማው አሚር ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ተቃወመ። ልክ ነበር። በዚያው ዓመት ኦሹን፣ ኦዮ፣ ኦጉንና ሌጎስ ግዛቶች ኦገስት 20 ለሚውለው የኢሼሼ ቀን የሥራ ዝግ ማወጃቸውም መልካም ነው።

አድናቆቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። በናይጄሪያዋ ኦሾግቦ ከተማ የሚገኘው የኦሹን ጫካ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በየዓመቱ በኦገስት አሩግባ የምትባለው ልጃገረድ የመሥዋዕቱን ቅል በራሷ ተሸክማ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፤ ሕዝቡ በከበሮና በጭፈራ ይከተላታል። ልጅ የሚለምን አለ፣ ጤና የሚለምን አለ። ቱሪስቱም ይጎርፋል። ይምጣ፣ ችግር የለውም። አስጎብኚው ግን እንግዳው ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት እዚያ ማን ወደ ማን እየጸለየ እንደሆነ ይንገረው። ቪዲዮ የሚለጥፈውም «የአፍሪካ ጭፈራ» ብሎ ከሚያልፈው የኦሪሻውንና የከተማውን ስም ይጻፍ። ኦሪሻ የወረደበትን ሰው ፊት አስጠግቶ መቅረጽ ደግሞ ጭራሽ ይቅር። ያ ሰው በዚያ ሰዓት ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም።