ያጨበጨብንለት ክንድ

ወገኖቼ ሆይ፣ አንድ ወጣት በጥቂት ወራት ውስጥ አሥር ኪሎ ጨምሮ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ የሸሚዙ እጅጌ ክንዱ ላይ ተወጥሮ ስናየው ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቀዋለን። «ጎበዝ፣ እንዴት ብትሠራ ነው!» እንላለን፤ ክንዱን ጨበጥ አድርገን እንስቃለን፤ ፎቶግራፉንም ባየን ቁጥር እናወድሳለን። እኔም ይህንኑ አድርጌአለሁ። ክብደት በማነሣበት ጂም አብሮኝ ይሠራ የነበረ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሰውነቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ማለት ሲጀምር፣ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩለት እኔ ነበርኩ። ሙቀቱ በበረታበት ቀን እንኳ ካናቴራውን የማያወልቅ መሆኑን አስተውያለሁ። አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሳይጠነቀቅ ጀርባውን ሲያዞር፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ መግል በቋጠረ ብጉር ተሸፍኖ፣ ብብቱ አጠገብ ደግሞ ቆዳው እንደተተረተረ ስፌት ቀይ መስመር አውጥቶ አየሁ። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወሰደው አናቦሊክ ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ምልክት ነበር፤ አይቼም እንዳላየ አለፍኩ። ዛሬ ለተግሣጽ የተነሣሁት ስለዚያ ማለፍ ነውና፣ ወቀሳው ከእኔ ይጀምራል።

ስለ አናቦሊክ ስቴሮይድ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ሰሚ የሚያጣው «አይጠቅምም፣ ጡንቻውም ውኃ ነው» ብሎ ስለሚጀምር ነው። ወጣቱን አንዋሸው፤ መድኃኒቱ ጡንቻ ይጨምራል። የሕክምናው ዓለም ራሱ በዚህ ጉዳይ ተሳስቶ ነበር፤ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የአቋም መግለጫ ስለ ውጤታማነቱ ያለው ማስረጃ አያረካም ካለ በኋላ፣ በ1984 አቋሙን ለማሻሻል ተገድዷል። እስከዚያው ድረስ ግን ክብደት አንሺው በመስተዋት የሚያየውንና ሐኪሙ የሚነግረውን አስተያይቶ ሐኪሙን ማመን ትቶ ነበር፤ ያ የጠፋ እምነት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሞ የወጣ ጥናት 43 ጤነኛ ወንዶችን በአራት ምድብ ከፍሎ ለ10 ሳምንታት ሲከታተል፣ በሳምንት 600 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) የተወጉት ክብደት ሳያነሡ እንኳ ጡንቻ መጨመራቸውን አሳየ። ይህን ወረቀት ዛሬ የሚጠቅሱት ሻጮቹ ናቸው። የማይጠቅሱት ግን ጥናቱ በሐኪም ክትትል የተደረገና አሥር ሳምንት ብቻ የቆየ መሆኑን ነው፤ ልብ ደግሞ በአሥር ሳምንት ውስጥ አይደለም የሚደክመው።

ስሙንም እናጥራ፤ ግራ መጋባቱ ራሱ ጉዳት ያደርሳልና። አናቦሊክ ስቴሮይድ የምንለው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞንና በላቦራቶሪ የተሠሩ ዘመዶቹን ነው። ሐኪም ለአስም፣ ለአለርጂ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚያዛቸው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት መድኃኒቶች ሌላ ዓይነት ስቴሮይድ ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የአስም መድኃኒቱን የሚጥል ሰው እንዳይኖር አደራ። ቴስቶስትሮንም ቢሆን የዘር ፍሬው በሕመም ምክንያት ሆርሞን ማመንጨት ለተሳነው ሰው በልክና በክትትል ሲሰጥ እውነተኛ መድኃኒት ነው። መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው። ለጡንቻ ብለው የሚወስዱት ሰዎች ሐኪም ከሚያዘው ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚደርሱ፣ በዚያም ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት ደርበው መርፌውን ከእንክብል ጋር እንደሚያቀላቅሉ የታወቀ ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በዝግታ እንየው። ጤነኛ ወንድ በቀን ከ3 እስከ 10 ሚሊ ግራም ያህል ቴስቶስትሮን ያመርታል። መጠኑን የሚቆጣጠሩት ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍልና ከሥሩ የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ናቸው፤ በደም ውስጥ ያለው ሲያንስ ለዘር ፍሬው «ሥራ» የሚል ትእዛዝ ይልካሉ፣ ሲበዛም ትእዛዙን ይቀንሳሉ። ሆርሞኑ ከውጭ በመርፌ ሲጎርፍ ትእዛዙ ጨርሶ ይቆማል፤ የዘር ፍሬው ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል፣ ስፐርም ማምረቱም እየቀነሰ በብዙዎች ዘንድ ወደ ምንም ይወርዳል። ወጣቱ ግን ደሙ በተገዛው ሆርሞን ተሞልቷልና እንዲያውም ከመቼውም ይልቅ ወንድ የሆነ ይመስለዋል። መውሰዱን ያቆመ ዕለት ነው ጉዱ የሚታየው፤ የተገዛው አልቋል፣ የራሱም ቆሟል። የተኛው ፋብሪካ እስኪነቃ ወራት ይፈጃል፣ ከዓመት በላይም ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ የማይነቃላቸውም አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከዚህም ሌላ ሰውነት ከመጠን ያለፈውን ቴስቶስትሮን ከፊሉን ወደ ኢስትሮጅን፣ ማለትም ወደ ሴት ሆርሞን ስለሚለውጠው፣ ደረቱን ለማሳበጥ የተነሣው ወንድ ጡት ማጎጥጎጥ ይጀምራል፤ ያ ሥጋ አንዴ ከጠና በኋላ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወገድም።

ይህ ሁሉ ግን ቢያንስ የሚታይና የሚዳሰስ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የማይታየው ልብ ነው። ስቴሮይድ ጥሩውን ኮሌስትሮል ዝቅ፣ መጥፎውን ከፍ ያደርጋል፤ የቀይ ደም ሴሎችን አብዝቶ ደሙን ያወፍራል፣ ለመርጋትም ያመቻቸዋል፤ የልብ ጡንቻም ጡንቻ ነውና እሱም ይወፍራል፤ የወፈረ የልብ ግድግዳ ደግሞ እንደ ወፈረ ክንድ የሚደነቅ አይደለም፣ ይደነድናልና። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ለዓመታት ክብደት ያነሡ 140 ወንዶችን አወዳድሮ ነበር፤ 86ቱ ስቴሮይድ የወሰዱ፣ 54ቱ ያልወሰዱ ናቸው። የግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚገፋ ሲለካ፣ ያልወሰዱት በአማካይ 63 በመቶ ሲሆኑ የወሰዱት 52 በመቶ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ከፊታቸው የቆመ ሰው «ብረት ናቸው» የሚላቸው ሰዎች ናቸው። በዴንማርክ ደግሞ በጂሞች በተደረገ ምርመራ ስቴሮይድ በመውሰድ የተቀጡ 1,189 ወንዶች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነበር። በአፍ የሚወሰደው እንክብል በዚህ ላይ ጉበትንም ይጎዳል፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ልጅ ለነገ የሚቆይ ጉዳይ የለውም፣ ሐኪም ቤት ዛሬውኑ መሄድ አለበት።

እንግዲህ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለትዳሮች፣ ተግሣጼ ለእናንተ ነው፤ ምልክቱን እያያችሁ እንደ ሙገሳ ታነቡታላችሁና። ጡንቻ በላብ ሲገነባ በዓመታት እንጂ በሳምንታት እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ልጁ በድንገት ሲገዝፍ፣ ፊቱ ሲያባብጥ፣ ዐሥራዎቹን ዓመታት ተሻግሮ ሳለ ብጉሩ እንደ አዲስ ጀርባውንና ትከሻውን ሲወርረው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሲሸሽ፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ሲርስ፣ ቀድሞ በፈገግታ ያልፈው በነበረ ቀልድ በሩን አጋጭቶ ሲወጣ፣ «ስፖርቱ ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። ቁጣው በሁሉም ላይ አይታይም፤ በአንዳንዱ ላይ ሲታይ ግን መጀመሪያ የሚቀምሱት ቤት ውስጥ ያሉት ናቸው። ከስፖርት ቦርሳው ጥግ፣ በካልሲ የተጠቀለለ ዘይት መሰል ፈሳሽ የያዘ ብልቃጥና መርፌ ብታገኙ፣ ቫይታሚን ነው ቢላችሁ አትመኑ። ከመቀመጫው በአንድ ወገን አጎንብሶ የሚቀመጥ፣ ጭኑ ላይ ያበጠና የጋለ ቦታ ያለው ልጅ የተወጋበት መግል ይዞበት ይሆናል፤ በአንድ መርፌ የሚዋዋሱት ደግሞ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን አብረው ይዋዋሳሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ምልክት ግን በሰውነት ላይ አይደለም። ያ የማውቀው ልጅ በየጧቱ ክንዱን በሜትር ይለካ ነበር፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያነሰች በመሰለችው ቀን ከቤት አይወጣም ነበር። ሰፊ ሆኖ ሳለ ራሱን ቀጭን አድርጎ የሚያይ ሰው አለ፤ የአእምሮ ሐኪሞች ይህን ከሰውነት ቅርጽ ጋር ከተያያዙት መታወኮች አንዱ አድርገው መዝግበውታል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ገዝፈሃል እኮ» የሚለው ሙገሳችን አያጠግበውም፣ ያስርበዋል እንጂ። ስለ ስቴሮይድ ስናስብ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሮጦ በሦስተኛው ቀን ሜዳልያውን የተነጠቀው ቤን ጆንሰን ብቻ ትዝ ማለቱ ጉዳዩን የማታለል ጉዳይ አድርጎ አስቀረብን፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ግን በሕይወቱ አንድም ውድድር የማይወዳደር፣ ዳኛውም ተቃራኒውም መስተዋት የሆነበት ሰው ነው።

ለሴቶችና ለታዳጊዎች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በእነሱ ላይ የሚደርሰው አይመለስምና። የሴት ድምፅ በዚህ መድኃኒት ከጎረነነ መድኃኒቱ ቢቆምም ጎርንኖ ይቀራል። ቁመቱን ገና ያልጨረሰ ልጅ ደግሞ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ ያለ ጊዜው ይዘጋል፤ ትከሻውን ያሰፋ እየመሰለው ቁመቱን ይሸጣል።

አሰልጣኞችና የጂም ባለቤቶች፣ እናንተን ለስለስ ባለ ቃል ለመናገር ሞክሬ አልሆነልኝም። አሰልጣኝ የሚሰጠውን ልጅ ሳይጠይቅ ይውጣል። በምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ መንግሥት በምስጢር ባካሄደው ዕቅድ ለታዳጊ ሴት ስፖርተኞች ሰማያዊ እንክብል ቫይታሚን ነው እየተባለ ይሰጥ ነበር፤ የስፖርቱ የበላይ የነበረው ማንፍሬድ ኤቫልድና የሕክምና ኃላፊው ማንፍሬድ ሆፕነር በ2000 በርሊን ላይ ሲፈረድባቸው፣ የሚመሰክሩት ሴቶች ጎልማሳ ሆነው፣ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። እናንተ «ትንሽ ሳይክል (ለጥቂት ሳምንታት የሚወሰድ አንድ ዙር) ብቻ፣ ሰው ሁሉ ይወስዳል» ብላችሁ ከመሳቢያ የምታወጡት ብልቃጥ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ? በድብቅ ከሚሸጠው ብዙው ስያሜውና ይዘቱ የማይገናኝ፣ በንጽሕና ያልተዘጋጀ ነው። «ደሜን እያስመረመርኩ ነው የምወስደው» የሚለው ብልጣብልጥም ይስማ፤ የደም ምርመራ የልብን ግድግዳ አያሳይም።

ያ የማውቀው ልጅ በመጨረሻ ከጂሙ ቀረ። አቁሞ ነበር፤ ማንም ሳያግዘው፣ በአንድ ጊዜ። ቤቱ ስሄድ መጋረጃው ከቀትር በኋላም እንደተዘጋ ነበር፤ ከአልጋ መነሣት አቅቶት፣ ምግብ ጠልቶ፣ «እኔ ምንም አይደለሁም» ይላል። ይህ ጊዜ፣ የራሱ ሆርሞን ገና ያልነቃበት ጊዜ፣ ከባዱ ነው፤ በድባቴ ተውጦ ሕይወቱን እስከ ማጥፋት የሚያስብ አለ፤ ብዙዎችን ወደ መርፌው የሚመልሳቸውም ይኸው ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትወስደው?» ብዬ ጠየቅሁት። ወዲያው ነገረኝ፤ ወሩን፣ የብልቃጡን ስም፣ መርፌውን የሚወጋለትን ጓደኛ ጭምር። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ስለዚህ የምትወስድ ወንድሜ ሆይ፣ ብቻህን አታቁም፣ ብቻህንም አትቀጥል። ወደ ሐኪም ሂድ፤ ብልቃጡንና የእንክብሉን ሽፋን ይዘህ ሂድ፤ ምን ያህል፣ ለስንት ሳምንት፣ ከምን ጋር እንደወሰድክ ሳትቀንስ ንገረው። የደም ግፊትህ እንዲለካ፣ የደምህ ውፍረት፣ ኮሌስትሮልህ፣ ጉበትህና ኩላሊትህ እንዲታዩ፣ ቴስቶስትሮንህም ከፒቱታሪ ሆርሞኖች ጋር አብሮ እንዲመረመር፣ ልብህም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ጠይቅ። እንቅልፍህንና የሚያስጨንቅህን ሐሳብ አትደብቀው። ደረትህን ከጨነቀህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም አንድ እግርህ ብቻ በድንገት ካበጠ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ፤ በሩ ላይም የሚጠይቅህ ቢኖር መጀመሪያ የምትናገረው ስቴሮይድ መውሰድህን ይሁን።