ቮልስ በቀለሟ አትገዛም

ወገኖቼ፣ ተዉ! ዝቅ የተደረገች፣ ሰፊ ቸርኬ የገባላት፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ ቮልስ ባያችሁ ቁጥር ቀብድ ለመጣል አትሽቀዳደሙ። በግ እንኳ ጥርሱን ሳታዩ፣ ሽንጡን ሳትዳብሱ አትገዙም። ቤተሰብ የምትጭኑባትን የሃምሳ ዓመት መኪና ግን ቆማችሁ አይታችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ትገዛላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን እያነሣ ዋጋ የሚሰቅል ሻጭም አለ። ታሪኩ እውነት ነው፤ የበሰበሰ ወለል ግን አይጠግንም።

ሊብሬውን ይዛችሁ የኋላ መቀመጫውን አንሡ። የሻንሲው ቁጥር እዚያው፣ በወለሉ መሀል ከፍ ብሎ በሚያልፈው ላሜራ ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ግርጌ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩት ላይ በ«ዲ» የሚጀምረው ባለ 1200 ሲሲ ሞተር፣ በ«ኤፍ» 1300፣ በ«ኤች» 1500 ነው። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ስም ማዞሩ ላይ ትቆማላችሁ።

መቀመጫው እንደተነሣ በቀኝ በኩል ባትሪው ያለበትን ወለል በካቻቢቴ ጫን ጫን አድርጉ። አሲድ በመጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር ያለው፣ ሙቅ አየር የሚያልፍበት ቦይ ነው። መኪናዋን የሚሸከመው እሱ ስለሆነ በስቱኮ ተሞልቶ ከተቀባ ጉዳዩ ከመልክ ያልፋል። በሥሩ ማግኔት አስኪዱ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ከዚያ በጎን በኩል በክሪክ አንሷትና በሩን ክፈቱ ዝጉ። በሩ ከነከሰ ወይም ክፍተቱ ከሰፋ አካሏ ታጥፏል። ጣሪያዋ ተቆርጦ ክፍት የተደረገችውን ደግሞ ሁለት ጊዜ እዩ። ፋብሪካው ክፍት አድርጎ የሠራት ቮልስ ከበሩ ሥር ማጠናከሪያ ብረት ነበራት፤ ሰፈር ውስጥ በመጋዝ የተቆረጠችው ብዙ ጊዜ የላትም።

ሞተሩ ጋ ስትደርሱ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ። አሙቆ ከጠበቃችሁ ነገ ተመለሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጊያውን የሚያዞረውን የታችኛውን ፑሊ ጨብጣችሁ ወደ እናንተ ሳቡት፣ ግፉት። የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። «ቋ» ካለ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት የሞተሩ አካል ተበልቷል፤ ይህን ዘይት በመቀየር የሚያድን ጋራዥ የለም። ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፤ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ አልተሠራለትም። በሥሩ በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች የታሰረውን ክዳን ሻጩ ባለበት አስፈቱ። ወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ድርድሩ እዚያ ላይ ያብቃ።

ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበትን ግፊት፣ ስታስለኩ በባሕር ጠለል ላይ የሚጠበቀውን ከ100 እስከ 130 ፒኤስአይ አዲስ አበባ ላይ አትጠብቁ። በከፍታው ምክንያት አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ንባቡም በዚያው ልክ ይወርዳል። ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች አወዳድሩ። ሦስተኛው ብቻውን ካነሰ ምክንያት አለው፦ በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። «1600 አስደርጌዋለሁ» ለሚላችሁ ፒስተኑ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠይቁት። 85.5 ትክክለኛው ነው። ሞተሩ ሳይሞረድ የሚገባው 87 ግን ሲሊንደሩ ስስ ስለሆነ በሙቀት ይጣመማል።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ሞተሩ እንዲታይ ተብሎ ዙሪያው ያሉት ላሜራዎችና ጎማ ማሸጊያው ከተነሡ ከሥር የሚወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይገባል፤ ሞተሩ ራሱን በራሱ ይጠብሳል። ከዚህ የከፋው ቤንዚን ነው። ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው የነሐስ ቱቦ ተጭኖ የገባ እንጂ የተበየደ አይደለም። ሙቀት ያላላዋል፤ በላዩ የፊልትሮ ክብደት ከተንጠለጠለበት ይነቀላል፣ ቤንዚኑም እሳት በሚረጨው የሞተር ክፍል ላይ ይፈሳል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ፊልትሮው ከሞተር ክፍል ውጭ ይሁን፤ የተሰነጠቀ የቤንዚን ጎማ ያላትን መኪና ደግሞ አስነሥታችሁ እንኳ አትሞክሩ!

ዝቅ የተደረገችዋን በጎማዋ ታውቋታላችሁ፦ የኋላው በውስጥ በኩል ብቻ ካለቀ እግሮቹ ተንጋደዋል። ፊቷ ብቻ ወርዶ ማስተካከያ ካልገባላት ስትፈጥን መሪው ይዋልላል። የኋላ ጎማዋን መሀል ላይ የሚያስረውን 36 ቁጥር ዳዶም ተመልከቱ። ወደ 300 ኒውተን ሜትር ጥብቀት ይፈልጋል፤ ዙሪያው የዝገት ዱቄት ከታየ ላልቶ ጥርሱን እየበላ ነው።

ይህን ሁሉ ካለፈች ወደ እንጦጦ አውጧት። ስትመለሱ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አቁሙና የዘይቱን መብራት ተመልከቱ። ደጋግሞ ብልጭ ካለ ግፊቱ ወድቋል፤ ቀብዱን ከኪሳችሁ አታውጡ።