የገብስ አገር ጥሩ ጠላ ሊቸግረው አይገባም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የሚገባ ሰው፣ ሸኖን ካለፈ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው ገብስ ላይ ነው። ጫጫ ላይ ገብስ። ወደ አንኮበር ሲታጠፍ ገብስ። ሽቅብ ወደ መንዝ ሲወጣም ገብስ። ከተማዋ ራሷ ሀበሻና ዳሽን ቢራ የሚጠመቁባት ናት፤ የብቅል ፋብሪካም አላት። እዚህ አገር ተቀምጦ «ጥሩ ጠላ የት ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ድሮ ያስቅ ነበር። አሁን ግን ሰው ይጠይቃል። መልሱም ቶሎ አይመጣም።

ጠላ ቤት ጠፋ ማለቴ አይደለም። ጣሳ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋበት ደጅ ዛሬም አለ። ችግሩ ጋኑ ውስጥ ያለው ነው። ስኳርና የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት በሁለት ሦስት ቀን የደረሰ፣ ለመልክ ያህል ትንሽ ያረረ እህል የገባበት መጠጥ ጠላ ተብሎ ይቀዳል። ሲጠጡት ይጣፍጣል። በማግስቱ ራስ ምታቱ አያስነሳም። ሠርግ ላይ ደግሞ ቢራው በሳጥን ይደረደርና ጠላው «ለትልልቆቹ» ተብሎ ጥግ ይያዝለታል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ጥሩ ጠላ የሚኖረው የሚጠምቅ ቤት ሲበዛና ጠጪው ምን እንደሚጠጣ ሲጠይቅ ነው። ሁለቱም በእጃችን ነው።

ብዙ ሰው ጠማቂዎቹን ይወቅሳል። ሒሳቡን ግን አስቡት። ገብስ ገዝታ፣ ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ፣ ማገዶ ፈጅታ፣ ሁለት ሳምንት የጠበቀች ሴት በሦስት ቀን ካደረሰችው እኩል ዋጋ ትሸጣለች። ታዲያ ምን ይበጃታል? ለአንድ ጠርሙስ ቢራ የተባልነውን ሳናቅማማ እንከፍላለን። ጠላ ላይ ስንደርስ ግን ጥቂት ብር ተጨመረ ብለን እናጉረመርማለን። ጠላውን እያረከስነው ያለነው እኛው ነን። ጥሩ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ካገኛችሁ የጠየቀችውን ክፈሉ።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ሳይደር የሚባለውን የአፕል መጠጥ ውሰዱ። እንግሊዝ ውስጥ ሶመርሴትና ሄርፎርድሺር በዚህ መጠጥ የታወቁ ናቸው። ገበሬው አፕሉን ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ በርሜል ውስጥ ክረምቱን ያሳልፈዋል። ስኳሩ ፍሬው ውስጥ ስላለ ብቅል አያሻውም። የአገሪቱ ሕግ ግን 35 በመቶ ብቻ የፍሬ ጭማቂ ያለበትን መጠጥም ሳይደር ብሎ መሸጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ አብዛኛው ውሃና ስኳር የሆነ መጠጥ በዚያው ስም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እውነተኛውን የሚፈልግ ሰው እንደኛው መጠየቅና መፈለግ አለበት።

እነሱ ግን ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ሰዎች ካምራ የተባለ የጠጪዎች ማኅበር መሠረቱ። ዓላማቸው ባህላዊውን የእንግሊዝ ቢራ ከፋብሪካው ማዳን ነበር፤ በኋላ ሳይደርንም ጨመሩ። ማኅበሩ የትኛው መጠጥ ቤት እውነተኛውን እንደሚቀዳ እየመዘገበ ለአባላቱ ይነግራል። መንግሥትም በዓመት ከ7,000 ሊትር በታች የሚያመርተውን ትንሽ የሳይደር ጠማቂ ለረጅም ዘመን ከቀረጥ ነፃ አድርጎት ኖሯል። በሰሜን ስፔን ያለችው አስቱሪያስ ደግሞ አልፋ ሄደች። እዚያ አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ብርጭቆውን ወገቡ አካባቢ ይዞ ከላይ ወደ ታች ይቀዳል፤ አየር እንዲነካውና አረፋ እንዲያወጣ ነው። የተቀዳውም ወዲያው ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ የአስቱሪያስን የሳይደር ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ለአፕል ጭማቂ ይህን ያህል ከተቆረቆሩለት፣ ለጠላ የማንቆረቆርበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ፍለጋው እንዴት ነው? ምርጡ ምርመራ አንድ ጥያቄ ነው። «እትዬ፣ መቼ ነው የተጠነሰሰው?» በሏቸው። በትክክል የጠመቁ እናት አያመነቱም። «ከሚካኤል ማግስት» ይሏችኋል፤ «እንኩሮው የገባው ለጊዮርጊስ ዋዜማ ነው» ብለውም ይጨምራሉ፤ እንኩሮ የተቆላው እህል ተፈጭቶና ተለውሶ ምጣድ ላይ የሚማሰለው ነው። ቀኑን በታቦት ቆጥረው ያውቁታል። «አሁን የደረሰ ነው፣ ጠጣ ብቻ!» የሚል መልስ ከመጣ ግን ተነሱ።

ከዚያ ማሽተት ነው። መጀመሪያ የወይራ ጭስ ሊሸት ይገባል። ቀጥሎ የተቆላ ገብስ። ሲቀምሱት ምላስ ጫፍ ላይ ትንሽ ይቆመጥጣል፤ የጌሾው ምሬት ደግሞ ዘግይቶ ጉሮሮ አጠገብ ይመጣል። ስኳር ስኳር ካለ ተጠራጠሩ፤ በደንብ የፈላ ጠላ ስኳሩን በልቶ ጨርሷል። መልኩ እንደ እህሉ ይለያያል። የመንዝና የተጉለት ጠላ ከገብስ ነው፤ አሻሮው፣ ማለትም ለጠላ የሚቆላው እህል፣ ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ጠላውም ይጠቁራል። ወደ ይፋት ቆላ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ማሽላ ይገባበታል፤ ጣዕሙም ሌላ ነው። አንዱን ከሌላው ማስበለጥ አልፈልግም። ግን ልቤ የደጋው ጋ ነው።

የምትጠጡበት ቀንም ለውጥ ያመጣል። ጋን በተከፈተ ቀን የተቀዳ ጠላና ከአራት ቀን በኋላ የተቀዳ አንድ አይደሉም። አየር እየገባበት ይሆመጥጣል። ጥሩ ጠላ ቤት ካገኛችሁ ጋን የሚከፈትበትን ቀን ጠይቃችሁ ያዙ። ጉሹን የሚወድ ሰው አለ፤ እህሉ ገና ያልጠለለውን። ቅራሪው ደግሞ ውሃ ተጨምሮበት ከመጨረሻ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ቅራሪን በጠላ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ካለ ንገሩት፤ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ጠላ መጥመቅ ከባድ ነው ይባላል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። እኛ ቤት ለ20 ሊትር ያህል የምንይዘው 3 ኪሎ የአሻሮ ገብስ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ ለቂጣ የሚሆን ግማሽ ኪሎ ዱቄትና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ጌሾ ነው፤ ቅጠሉም እንጨቱም ተደምሮ።

ከብቅሉ ጀምሩ። ገብሱ አንድ ቀን ይዘፈዘፋል፣ ይጠነፈፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሥሩ ወጥቶ እርስ በርሱ ሲያያዝ ደርሷል ማለት ነው። ደጋ ላይ ይህ ቀናት ይወስዳል፤ አትቸኩሉ። የሚደርቀው ፀሐይ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይስታል፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ምጣድ ላይ ያወጣዋል። ሲበቅል ገብሱ ውስጥ የተፈጠረው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ነው፤ ምጣድ ላይ ካረረ ይሞታል። አሻሮው የተቆላ ስለሆነ ራሱን ማጣፈጥ አይችልም። ብቅሉ ነው የሚሠራለት። ሻጋታ ያያችሁበትን ብቅል ደግሞ ሳታመነቱ ድፉት። ታጥቦ የሚድን ነገር አይደለም።

ጋኑ ላይ አትሰስቱ። በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ። ከዚያ ፍም ላይ ደረቅ የወይራ ስንጥር ይጣላል፤ ጋኑም አፉን ወደ ታች አድርጎ ይደፋበታል። ጭሱ ውስጡ ይታፈናል። ሲቆይ ሆዱን በእጅ ሲነኩት ይሞቃል። ቀና ሲደረግ ጭሱ በአፉ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቤቱ ሁሉ ወይራ ወይራ ይላል። ይህ ለሽታ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ጭሱ ጠላ የሚያበላሹትን ተህዋስያን ይቀንሳል። ጋን የሌለው በእንስራ ይሥራ። ፕላስቲክ በርሜልም ይሆናል፤ ግን የምግብ ዕቃ የነበረ ይሁን፤ ክዳኑንም ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። የሚፈላ ነገር ጋዝ ያወጣል፤ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳል።

ቀጥሎ ጥንስሱ። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከትንሽ ብቅል ጋር በውሃ ይበጠበጥና ተከድኖ ይቀመጣል። አረፋ አውጥቶ ሲንሾካሾክ ተነስቷል። ከዚያ ቂጣው ጠንከር ተደርጎ ይጋገርና ተቆራርሶ ከቀሪው ብቅል ጋር ይገባል። ይህ ድፍድፉ ነው። በሦስተኛው ደረጃ አሻሮው ተፈጭቶ፣ በውሃ ተለውሶ፣ ምጣድ ላይ እየተማሰለ እንኩሮ ይሆናል። ቀዝቀዝ ሲል ከተወቀጠው የጌሾ እንጨት ጋር ይጨመራል። ትኩስ እንኩሮ አትክተቱ፤ እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ ወደ አንድ ሳምንት መተው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ስለሚወርድ ፍላቱ ይዘገያል። ጋኑን ወደ ጓዳ፣ ወደ ምድጃው ጠጋ አድርጉት።

መጨረሻ ላይ ድፍድፉ በውሃ ይሞላል። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ እዚህ ጋ ነው፦ ውሃውን አፍሉትና አቀዝቅዙት። እንኩሮው እሳት አይቷል፣ ቂጣውም እሳት አይቷል። ይህ ውሃ ግን ቀጥታ ወደ ጣሳ የሚሄድ ነው። «ጠላ ያሳምማል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያሳመማቸው ውሃው ይመስለኛል። ጠላ ባብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ብቻ ነው ያለው። ቆሻሻ ውሃን የሚያነጻ ኃይል የለውም። አንድ ሁለት ቀን ተከድኖ ሲያድር ይጠልላል። አተላውን ለከብት መስጠት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ አፕል የተከሉ ገበሬዎች አሉ። የተመታውና ያነሰው ፍሬ ገበያ ላይ አይፈለግም። ይህን ፍሬ አጥቦ፣ ፈቅፍቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቆ ሳይደር መሞከር ይቻላል። ሳይደር በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ ሲፈላ መዓዛው ይሻላል፤ ብርዱ ደግሞ እዚህ ሞልቷል። እኛ ጋ ያለው አፕል የሚበላው ዓይነት ስለሆነ፣ ለሳይደር ተብለው የሚተከሉት የውጭ ዝርያዎች ያላቸው የሚያንቀው ጣዕም ይጎድለዋል። ቢሆንም መሬት ላይ ከሚበሰብስ ይሻላል። አንድ ወጣት ቢጀምረው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። እስካሁን የዘረዘርኩትን ሥራ በሙሉ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ለማኅበሩ፣ ለሰንበቴው፣ ለዝክሩ፣ ለደቦው ጋን የሚያጥነው የሴት እጅ ነው። ወንዱ ይጠጣና «ዛሬ ቀጥኗል» ይላል። ወንዶች ጌሾ መውቀጥ አያሳፍረንም። እናቶቻችን ሲያረጁ ሙያው አብሮ የሚያረጀው እኛ አጠገባቸው ቆመን ስላልተማርን ነው። አንድ ጊዜ ከጥንስስ እስከ ማጥለል አብሯቸው የቆየ ሰው በሚቀጥለው ብቻውን ይችላል።

የደብረ ብርሃን ሆቴሎችም ይስሙኝ። ከውጭም ከአዲስ አበባም እንግዳ ይመጣላችኋል። የምግብ ዝርዝራችሁ ላይ ከአሥር ዓይነት ቢራ ጎን አንድ ጠላ ጻፉ። ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ፣ ከምን እህል እንደተጠመቀ ጻፉ። ለጠማቂዋም ከሰፈር ዋጋ በላይ ክፈሏት።

ዘንድሮ ለገና የራሱን ጠላ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው በታኅሣሥ 12፣ በሚካኤል ዕለት ይጠንስስ። በዚህ ብርድ ጥንስሱ 5 ቀን፣ ድፍድፉ 3፣ እንኩሮው 7፣ ውሃ ከሞላ በኋላ 2 ቀን ቢወስድ በ29 ይደርሳል። ብቅሉን ግን ከወዲሁ ዘፍዝፉ፤ የታኅሣሥ ፀሐይ እንዳያልፋችሁ።