ሻርኩን ማን አስለመደው?

«ከሻርክ ይልቅ ላም ብዙ ሰው ትገድላለች።» ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት አልቆጥረውም። ልጆቼ ማዕበል ፈርተው ወደ ኋላ ሲሉ፣ ከጎንደር ገጠር የመጡት አማቴ እግራቸውን እንኳ ውሃ ሳያስነኩ «በዚህ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?» ሲሉ፣ እኔ እየሳቅሁ ላሟን እጠራለሁ። ኤፕሪል 21 ቀን 2025 እዚሁ እስራኤል፣ ሐደራ ላይ፣ አንድ ዋናተኛ በሻርኮች ተነክሶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ላሟን ጠርቻት አላውቅም።

አማቴ «አላልኩህም?» አላሉኝም። የጠየቁኝ ሌላ ነው፦ «እነዚህን አውሬዎች ማን አስለመዳቸው?»

በቴሌቪዥን ከተደረደሩት ባለሙያዎች ሁሉ ይልቅ ነገሩን የያዙት እሳቸው ይመስሉኛል።

የላሟ አባባል ውሸት ሆና አይደለም። በዓለም ዙሪያ የሻርክ ጥቃቶችን የሚመዘግበው የፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ2024 ሰው ሳይተናኮላቸው ሻርኮች የነከሱባቸውን 47 አጋጣሚዎች መዝግቧል። ሞት ያስከተሉት 4 ናቸው። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው እንደሞቱ ይገምታል። ባሕር ሰው የሚጨርሰው በጥርስ ሳይሆን በውሃው ነው። ወደ የመን ሲሻገር ስንት ወገን እንደሰጠመ ለሚያውቅ ሐበሻ ይህን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ችግሩ ያለው «ሳይተናኮላቸው» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሻርክ ያጎረሰ፣ ክንፉን የጎተተ፣ በመንጠቆ ይዞት የታገለ፣ ዓሣ ወግቶ የሚደማውን በእጁ ይዞ የዋኘ ሰው ቢነከስ የሚጻፈው በሌላ ዓምድ ነው። በዚያው በ2024 በዚህኛው ዓምድ 24 ሰዎች ገብተዋል። ጥቅስ ወዳዶቹ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያነቡልን፤ እኔንም ጨምሮ። ደግሞስ አማካይ ቁጥር ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የሚሄድ ሰው በአዞ የመበላት ዕድሉ ዜሮ ነው። ይህ ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ለሚዋኝ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ሐደራም የራሷ ጫሞ አላት። ኦሮት ራቢን የተባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሣሪያዎቹን የሚያቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው። ቀዝቃዛውን ይስባል፣ የሞቀውን በሐደራ ወንዝ አፍ አጠገብ መልሶ ይለቃል። ብርድ ገብቶ ሜዲትራኒያን ሲቀዘቅዝ ዓሣው እዚያ ሙቅ ውሃ ላይ ይሰበሰባል፤ ዓሣውን ተከትሎ ዓሣ አጥማጁ ይመጣል፤ ሻርኩም ሙቀቱን ይፈልጋል። ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ ሻርኮች ይታያሉ። ዳስኪ እና ሳንድባር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። (በአማርኛ እስካሁን ለሻርክ የራሳችን ቃል አልወጣለትም፤ ሬድዮ ላይ «ዓሣ ነባሪ» ሲሉት ስሰማ እበሳጫለሁ፤ ዓሣ ነባሪ ሳንባ ያለው፣ ግልገሉን የሚያጠባ ሌላ ፍጥረት ነው።) ሁለቱም የሻርክ ዓይነቶች ሰው በማጥቃት ስማቸው የሚነሳ አይደለም። የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምልክት እያሰሩላቸው ለዓመታት ሲከታተሏቸው ቆይተዋል።

በ2025 የፋሲካ ሳምንት ግን ዳርቻው የገበያ ቀን መሰለ። ከአደጋው በፊት በነበሩት ቀናት በየስልካችን የዞሩትን ቪዲዮዎች ያላየ የለም። ወገብ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሰው ቆሞ ሻርክ ዙሪያውን ሲሽከረከር፣ ሌላው ይስቃል፣ ሌላው ያነሳል። ዓሣ የሚወረውርላቸው ነበር፤ ክንፋቸውን የሚይዝም ነበር። ቦታው መዋኘት የተከለከለበት ነው። አንድ ልጅ ጅራት ሲጎትት አይተን «ጎበዝ!» ብለን ያስተላለፍነው ሁላችን ነን። ሟቹን አልወቅስም። እሱ የገባው ብዙ ሰው ሲገባበት የሰነበተ ውሃ ውስጥ ነው፤ ዕዳው የመጣው እሱ ላይ ነው።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል። ሻርክም የሰው ጠላት ሆኖ አያውቅም፤ የሰውን ቅርጽ ከምግብ ጋር ማያያዝ ግን ይማራል። አንዴ ከተማረ ደግሞ ዓሣ የያዘውንና ባዶ እጁን የመጣውን አይለይም።

ይህ ከዚህ በፊት አልታየም እንዳይባል ሻርም አል ሼክ አለች። በ2010 መጨረሻ በዚያች የግብፅ መዝናኛ ከተማ በጥቂት ቀናት ውስጥ 4 ቱሪስቶች በሻርክ ክፉኛ ቆሰሉ። ባለሥልጣናቱ 2 ሻርኮች አስገድለው ዳርቻውን ከፈቱ፤ ወዲያው ዲሴምበር 5 ቀን አንዲት ጀርመናዊት ተገደለች። የተገደሉት ሻርኮች ጥፋተኛ እንዳልነበሩ ያኔ ገባቸው። በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ምክንያቱን ከሰው ዘንድ ነው ያገኙት፦ ከብት ጫኝ መርከብ የበግ ሬሳ ባሕር ላይ መጣሉን፣ ጠላቂዎች ሻርክ መመገባቸውን፣ በአካባቢው ዓሣው ተጠምዶ ማለቁን። የደቡብ ሲና ገዥ ግን በዚያ ሰሞን ሻርኩን የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ልኮት ሊሆን እንደሚችል አንድ ቃል ጣል አድርገው ነበር። ሳስበው አሁንም እስቃለሁ። ከራስ ቆሻሻ ይልቅ ሞሳድን ማመን ይቀላል መሰለኝ።

እዚህም ከአደጋው በኋላ «ይገደሉ» ያለ አልጠፋም። ሁለቱም ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ናቸው። ዳስኪ ሻርክ ለመውለድ የሚደርሰው ሃያ ዓመት ገደማ ኖሮ ነው። በአንድ ቁጡ ሳምንት የጠፋ መንጋ የልጅ ልጆቻችንም ዘመን ላይመለስ ይችላል።

ይህን ሳወራ አንድ የሐረር ሰው ወዳጄ ተቃወመኝ። «እኛ ጅብ በእጃችን እናበላ የለ? በአፋችን ይዘን ሳይቀር!» እውነቱን ነው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ግን ሐረር ላይ የሚያበላው ማን ነው? ከጀጎል ውጭ፣ በታወቀ ቦታ፣ ማታ ማታ፣ ጅቦቹን በስም የሚጠራ፣ ሙያውን ከሽማግሌ የተማረ ሰው ነው። ለዓሹራ ገንፎ የሚያቀርብላቸው፣ በግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ የተወላቸው ሕዝብ ነው። በሰውና በጅብ መካከል የኖረ ስምምነት አለ፤ ቱሪስቱም ሥጋውን የሚሰጠው የሚያበላው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው። ሐደራ ላይ ያየነው ከቴል አቪቭ ለግማሽ ቀን የመጣ ሰው ከፌስታል ሰርዲን እያወጣ ሲወረውር ነው። ነገ እሱ የለም። ሻርኩ ግን ነገም ይጠብቃል።

ከሻርክ ጋር ጠልቆ መዋኘትን አልቃወምም። ጥርት ባለ ውሃ፣ ከሚያውቅ አስጎብኚ ጋር፣ ማንም ምግብ ሳያሸት፣ ማንም ሳይነካ፣ ዓይንን ከእንስሳው ሳይነቅሉ ለሚገባ ሰው አደጋው በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ላሟ እዚህ ላይ ትሠራለች። የደፈረሰ፣ ዓሣ አጥማጅ የዓሣ አንጀት የሚጥልበት፣ ለሳምንታት እንስሳው ሲጎርስ የከረመበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ የምለው የማመንጫው ሙቅ ውሃ የሚወርድበት ዙሪያ ከኖቬምበር እስከ ሜይ ለዋናተኛም ለጠላቂም ይዘጋ። በወረቀት ሳይሆን ቆሞ በሚጠብቅ ሰው። መመገብና መንካት የሚያስቀጣ ይሁን፣ ቅጣቱም ይከፈል። ዓሣ የሚያጸዱ አጥማጆች ቆሻሻውን ይዘው ይውጡ። ማስጠንቀቂያው ዕብራይስጥ ለማያነቡ አዛውንቶች ሲባል በአማርኛም ይጻፍ። ሻርኮቹን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ከዳር የሚቆምበት ከፍ ያለ መቆሚያ ይሠራለት። አርባ ምንጭ «አዞ ገበያ» የሚሄደው ጎብኚ ከጀልባው ላይ ሆኖ ነው አዞውን የሚያየው፤ አይቶም ጠግቦ ይመለሳል፤ ልግባና ልዋኝ ያለ አልሰማሁም።

አማቴ ከዳር ሆነው ለማየት ፈቃደኛ ናቸው። ብርዱ ሲገባ ይዣቸው እሄዳለሁ። ዓሣ የሚወረውር ሰው ካገኙ ግን ዝም የሚሉ አይመስለኝም፤ ዱላቸውንም ይይዛሉ።