ኮንሴፕቱ በየት ይወርዳል?

አራት ዓመት ሙሉ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ስቱዲዮ ውስጥ ካርቶን ስቆርጥ፣ ኮላ ስቀባ ኖሬያለሁ። እናቴ ለሠፈሩ ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው» ብላ አውጃለች። «እማዬ፣ አርክቴክት እኮ ነው» ስላት፣ «አይዞህ፣ ቀስ እያልክ ኢንጂነርም ትሆናለህ» ትለኛለች።

ለኢንተርንሺፕ ሐዋሳ ውስጥ ከሚሠራ ባለ 3 ፎቅ ቤት ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን አዲስ ሄልሜቴን ደፍቼ፣ ላፕቶፔን አንግቤ ከች አልኩ። ፎርማኑ ጋሼ ከእግር እስከ ራሴ ቃኙኝና «ኢንጂነር፣ እንኳን ደህና መጣህ! በል 2 ኪሎ ሚስማር ይዘህ ና» አሉኝ። ባለሱቁ «የቆርቆሮ ነው የእንጨት?» አለኝ። እኔ እንጃ! ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚያያዘው በኮላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ የግድግዳ ማዕዘን ሊያወጡ ሲባጎ ወጠሩ። በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ለክተው ምልክት አደረጉ። ከዚያ ሜትሩን ከምልክት ምልክት አግድም ዘርግተው፣ ልክ 5 እስኪሞላ አንዱን ሲባጎ ገፋ፣ መለስ አደረጉት። «አሁን ስኳድራ ገባ» አሉ፤ ማዕዘኑ ልክ 90 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው።

«ፓይታጎረስ!» ብዬ ጮህኩ።

«እሱ ደግሞ የት ሳይት ነው የሚሠራው?»

ቅዳሜ ሒሳብ ተከፍሎ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ስንጠጣ፣ ደፈር ብዬ የራሴን ዲዛይን አሳየኋቸው። ጣሪያው እንደ ሐይቁ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። (ለዚያ ጣሪያ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።)

«ኮንሴፕቱ (መነሻ ሐሳቡ) ፍሰት ነው» አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አስቀምጠው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ማዕበሉ ዝቅ የሚልበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው፣ «ያምራል። ግን ሐምሌ ሲገባ እዚህ የተጠራቀመው ውሃ በየት ይወርዳል?»

«ማለቴ… ፍሰት…»

«መፍሰሱንማ ይፈሳል። ሳሎን ነው የሚፈሰው!»

ሰኞ ጠዋት ጣሪያ ላይ አወጡኝ። ለጥ ያለ የሚመስለው የአርማታ ጣሪያ እንኳ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል ተደርጎ ሊሾ ይመታል። ውሃ የተሞላውን ቱቦ አንዱን ጫፍ አስይዘውኝ ከፍታውን ስንለካ ዋልን። አንገቴ በፀሐይ ተላጠ።

ትምህርት ቤት ስመለስ ዲዛይን ለሚገመግመው የመምህራን ጁሪ ቀረብኩ። «ኮንሴፕትህ ምንድን ነው?» ተባልኩ። አፌን ስከፍት የወጣው፣ «የዝናቡ ውሃ በዚህ፣ በዚህ በኩል ይወርዳል» የሚል ነበር።

አንደኛው መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሱን ተወውና ኮንሴፕቱን ንገረን።»